ሞተሩ ሲጠፋ አውሮፕላኑ ይወድቃልን?

ባለፈው ክረምት ዘመድ ለመጠየቅ ወደ ጁባ ሄጄ አትላባራ በሚባለው ሠፈር ሁለት ሳምንት ያህል ተቀምጬ ነበር። ጁባን የሚያውቅ ሰው እንደሚያስታውሰው፣ በዚያ ከተማ ከጧት እስከ ማታ የትንንሽ አውሮፕላን ድምፅ ከሰማዩ አይጠፋም። የደቡብ ሱዳንን መንገድ በዝናብ ወራት ጭቃ ስለሚውጠው መድኃኒቱም፣ እህሉም፣ የርዳታ ሠራተኛውም ወደ ብዙው የአገሪቱ ክፍል የሚጓዘው በአየር ነው። ከእነዚህም አውሮፕላኖች አንዳንዶቹ፣ ለምሳሌ ሴስና ካራቫን የሚባሉት፣ አንድ ሞተር ብቻ ያላቸው ናቸው።

ባረፍሁበት ቤት የ12ኛ ክፍልን ፈተና የወሰደ ልጅ አለ። ሐሳቡ አገር ቤት ተመልሶ የበረራ ትምህርት ለመማር ማመልከት ነው። እናቱ ግን ነገሩን መስማት አትፈልግም። «ሞተሩ አየር ላይ ቢጠፋስ? መኪና ቢሆን ዳር ይዞ ይቆማል፤ ይኸ የት ይቆማል?» ትላለች። ፍርሃቷ ያለ ምክንያት የመጣ አይደለም። ጥቅምት 24 ቀን 2008 ዓ.ም. አንድ አንቶኖቭ 12 የጭነት አውሮፕላን ከጁባ በተነሣ በጥቂት ጊዜ ውስጥ በነጭ ዓባይ ዳር ወድቆ ከ30 በላይ ሰዎች ሲሞቱ እሷ እዚያው ከተማ ነበረች።

አንድ ማታ ልጁ ወደ እኔ ዞሮ «ጋሼ፣ እርስዎ የፊዚክስ አስተማሪ ነዎት፤ እስቲ ይንገሯት» አለኝ። እኔም ሳላስብ «ሞተሩ ከጠፋማ ወደ ላይ የሚይዘው ነገር ስለማይኖር ክብደቱ ያሸንፋል» አልሁ። በዚያን ማታ ለቡና የመጡ፣ ብዙ ዘመን በትንንሽ አውሮፕላን በረራ ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ የወጡ አንድ አዛውንት ነበሩ። ስኒያቸውን አስቀምጠው፣ «መምህር፣ አሞራ ክንፉን ዘርግቶ ሲዞር ሞተሩ የት አለ?» ብለው ጠየቁኝ።

አፈርሁ። ያፈርሁትም በሰው ፊት ስለ ተሳሳትሁ ብቻ አይደለም። በማሠልጠኛ ተቋም ውስጥ ለወደፊት መምህራን ይህንኑ መልስ ለስምንት ዓመት ያህል ስሰጥ መኖሬ ትዝ ስላለኝ ነው። እያንዳንዱ ሠልጣኝ ደግሞ ስሕተቱን ይዞ ወደ ስንት ክፍል እንደ ገባ እግዚአብሔር ይወቅ። ስለዚህ ከአዛውንቱ የሰማሁትን፣ በኋላም ከመጻሕፍት ያገናዘብሁትን ለሥራ ባልደረቦቼ ማካፈል ተገቢ መስሎ ታየኝ።

ከመሠረቱ እንነሣ። አውሮፕላንን አየር ላይ የሚይዘው ክንፉ ነው እንጂ ሞተሩ አይደለም። ክንፉ በአየር ውስጥ በበቂ ፍጥነት እስከ ተጓዘ ድረስ አየሩን ወደ ታች ያዘነብለዋል፤ አየሩም በተራው ክንፉን ሽቅብ ይገፋዋል። የሞተሩ ሥራ አየር አውሮፕላኑን ወደ ኋላ የሚጎትትበትን ኃይል ተቋቁሞ ያንን ፍጥነት መጠበቅ ነው። ሞተሩ ሲጠፋ ይህን ዕዳ የሚከፍል ሌላ ነገር ያስፈልጋል፤ እሱም ከፍታ ነው። አብራሪው አፍንጫውን ጥቂት ዝቅ ያደርጋል፤ በከፍታ የተጠራቀመው እምቅ ጉልበት እየተመነዘረ ፍጥነቱን ይጠብቅለታል። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ ቁልቁል የሚወርድ መኪና ማርሹን ፎሌ ቢያደርጉት አይቆምም፤ እንዲያውም መያዣ ያሳጣል። (ሾፌር የሆነ አንባቢ ግን ይህን በመኪና እንዳይሞክረው አደራ።) አሞራውም እንዲሁ ነው። ሽቅብ ሲወጣ የምናየው ሞቃት አየር ከምድር ተነሥቶ ስለሚያነሣው ነው፤ ከከበበው አየር አንጻር ሲታይ ግን ሁልጊዜ ቁልቁል እየተንሸራተተ ነው።

ለማሠልጠኛ በዓለም ላይ እጅግ የታወቀችው ሴስና 172 ሞተሯ ሲጠፋ በሰዓት 120 ኪሎ ሜትር ያህል ፍጥነት ብትጠብቅ፣ አንድ ሜትር ወደ ታች በወረደች ቁጥር ወደ ዘጠኝ ሜትር ገደማ ወደ ፊት ትሄዳለች። ይህን ለክፍላችን ብንሰጠው ጥሩ መልመጃ ይሆናል። ከመሬት 1000 ሜትር ከፍ ብሎ ሞተሩ የጠፋበት ተማሪ፣ ነፋስ ከሌለ፣ 9 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። በሰከንድ 33 ሜትር ከተጓዘ ደግሞ አራት ደቂቃ ተኩል አለው። ወዴትም መዞር ስለሚችል የሚደርስበት ስፋት፣ ለመዞር የሚያጠፋውን ከፍታ ትተን፣ ሬዲየሱ 9 ኪሎ ሜትር የሆነ ክብ ነው፤ ይኸውም 254 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው። በዚህ ሁሉ ስፋት ውስጥ አንድ የጤፍ ማሳ ማግኘት አያቅትም። ልጁ ይህን በወረቀት ሲያሰላ እናቱ ከጀርባው ቆማ ትመለከት ነበር።

እንግዲህ ችግሩ ያለው ከአውሮፕላኑ ይልቅ ከሰውየው ነው። አዛውንቱ እንደ ነገሩን፣ ሞተሩ ዝም ሲል አዲስ ተማሪ መጀመሪያ የሚያደርገው ምድርን በመፍራት መሪውን ወደ ደረቱ መሳብ ነው። አፍንጫው ይነሣል፤ ፍጥነት ይወድቃል፤ ክንፉም ነፋሱን የሚገጥምበት ዘዌ እየሰፋ ይሄዳል። ይህ ዘዌ ከ15 ወይም 16 ዲግሪ ገደማ ሲያልፍ በክንፉ ጀርባ ላይ ተለጥፎ ይፈስ የነበረው አየር ይላቀቅና ክንፉ መሸከሙን ያቆማል። ሰው የሚፈራው እንደ ድንጋይ መውደቅ የሚመጣው ያን ጊዜ ነው፤ ያመጣውም ሞተሩ ሳይሆን እጁ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ትእዛዝ አንድ ነው፤ አፍንጫውን ዝቅ አድርገህ ፍጥነትህን ያዝ። ሌላው ሁሉ ከዚህ በኋላ ነው። ቀጥሎ ማረፊያ ይመረጣል፤ የነፋሱን አቅጣጫ ከጭስ፣ ከዛፍ ቅርንጫፍ፣ ከውሃ ገጽ ያነቡታል። ከዚያ ጊዜ ካለ ሞተሩ ለምን እንደ ጠፋ ይመረመራል። በራዲዮ መናገር የሚመጣው ቀጥሎ ነው፤ የመቆጣጠሪያ ማማው በራዲዮ አውሮፕላን አይይዝምና። መሬት ከመንካት በፊት ደግሞ ነዳጁና መብራቱ ይዘጋል፤ በሩ በኋላ ተጣሞ ሰው እንዳያስቀር ገርበብ ይደረጋል።

አዛውንቱ ይህን የሚያስተምሩበት መንገድ ሳያስጠነቅቁ ነበር። «ተማሪው ስለ ምሳው ሲያስብ የነዳጅ መስጫውን ስቤ፣ ሞተርህ ጠፋ እለዋለሁ» አሉን። ሞተሩ በእርግጥ አይጠፋም፤ በዝቅተኛ ዙር ይቀራል፤ ተማሪው ግን እንደ ጠፋ ቆጥሮ መርጦ፣ ወርዶ፣ ማሳው ላይ ሊያርፍ ጥቂት ሲቀረው ነዳጁ ተመልሶ ይሰጠዋል። ለብቻው ከመብረሩ በፊት ይህን ደጋግሞ ያደርጋል። እኔ ከዚህ የወሰድሁት ለራሴ ነው። ተማሪዎቻችንን የምንፈትናቸው ቀኑን አስቀድመን ነግረን ነው።

አሁን ሞተሩ ለምን እንደሚጠፋ እንመልከት። በዚህ ላይ ጥቂት ብቆይ አንባቢ አይቀየመኝም፤ ለፊዚክስ መምህር የሚጥመው ክፍል ይኸ ነውና።

የቆየው ዐይነት የማሠልጠኛ አውሮፕላን ሞተር እንደ ድሮ መኪና ካርቡሬተር አለው። አየሩ በጠባብ ጉሮሮ ሲያልፍ ፍጥነቱ ይጨምራል፤ ግፊቱ ይቀንሳል፤ ይቀዘቅዛል። በዚያው ላይ ቤንዚኑ እየተነነ ከአየሩ ሙቀት ይወስዳል። አትላባራ ውስጥ ውሃ በሸክላ ጋን እንደሚቀዘቅዝ ያየ ሰው ነገሩ አይጠፋውም። ሁለቱ ተደምረው ሙቀቱን እስከ 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድና ከዚያም በላይ ሊቀንሱት ይችላሉ። እንግዲህ ውጭው 15 ዲግሪ ሆኖ እርጥበት ቢበዛበት ጉሮሮው ውስጥ በረዶ ይሠራል፤ ሞተሩም ይታነቃል። የአዲስ አበባ የሐምሌና የነሐሴ አየር ለዚህ የተዘጋጀ ይመስላል። የሚያስገርመው ግን በጁባም መድረሱ ነው። ሞተሩ በዝቅተኛ ዙር ሆኖ ሲወረድ፣ አየሩ እርጥብ ከሆነ፣ በ30 ዲግሪ አካባቢ እንኳ በረዶ ሊፈጠር ይችላል። «በዚህ ሙቀት በረዶ?» ብሎ የሚስቅ ተማሪ ባይሞት እንኳ ይደነግጣል።

ምልክቱ የፕሮፔለሩ ዙር ቀስ በቀስ መውረድ ነው። መድኃኒቱ በጭስ ማውጫው ቧንቧ ዙሪያ የሞቀ አየር ወደ ካርቡሬተሩ የሚያስገባውን ማንሻ መሳብ ነው። እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። በረዶው ሲቀልጥ ውሃው ወደ ሞተሩ ስለሚገባ ሞተሩ ለጥቂት ጊዜ ከበፊቱ ይልቅ ይንተፋተፋል። ተማሪው «አባባስሁት» ብሎ ማንሻውን ይመልሰዋል፤ በረዶውም እንደ ገና ይጋገራል። አዛውንቱ ይህን ሲናገሩ ድምፃቸው ከፍ ብሎ ነበር፤ «ታገሥ! እንዲታመም ተወው፣ ይድናል!» ብዬ በጆሮው እጮኽ ነበር አሉ።

ሁለተኛው ነዳጅ ነው። ቤንዚን ከውሃ ስለሚቀል በጋኑ ውስጥ የተጠራቀመ ውሃ ከታች ይዘቅጣል። ስለዚህ ጧት ከበረራ በፊት ከጋኑ ግርጌ ጥቂት በብርጭቆ ተቀድቶ ይታያል። ሰማያዊ ቀለም የተሰጠው የአውሮፕላን ቤንዚን ሲሆን ሰማያዊ፣ ውሃ ካለበት ከታች ነጭ አረፋ ይመስላል። ሁሉም ነጭ ከሆነ ደግሞ ብርጭቆው ሙሉ ውሃ ነው፤ ይህን «ንጹሕ ነው» ብሎ የሚያልፍ አይጠፋም። ነዳጅ ማለቅም አለ፤ ወይም በአንዱ ክንፍ ያለው አልቆ የሌላው ሞልቶ ሳለ ማዞሪያው ሳይዞር ይቀራል። ሦስተኛው እሳት ነው። በእያንዳንዱ ሲሊንደር ሁለት ካንዴላ አለ፤ ሁለቱም ከየራሳቸው ማግኔቶ እሳት ያገኛሉ። አንደኛው ቢሞት ሌላው ያስኬዳል። ማግኔቶ ከባትሪ ምንም አይለምንም፤ ተማሪዎቻችን ስለ ማግኔትና ስለ ጥቅል ሽቦ የሚማሩት ነገር በሙሉ እዚያ ውስጥ አለ።

አራተኛው በአገራችን በተለይ የሚያስፈልግ ነው፤ ይኸውም የአየርና የነዳጅ መጠን ነው። የአዲስ አበባ አውሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ወለል ከ2300 ሜትር በላይ ከፍ ያለ ነው። በ20 ዲግሪ ሙቀት የአየሩ እፍግታ በኪዩቢክ ሜትር 0.91 ኪሎ ግራም ያህል ሲሆን፣ በባሕር ወለል መደበኛው 1.225 ነው። ሩብ ያህሉ አየር የለም ማለት ነው። ሩቡ አየር ከሌለ፣ የአየር መጭመቂያ የሌለው ሞተር ሩብ ያህል ጉልበቱን ያጣል። ነዳጁ እንደ ባሕር ዳርቻ ከተሰጠው ደግሞ ይታፈናል፤ ካንዴላው ጥቀርሻ ይለብሳል። ስለዚህ አብራሪው በማንሻ ነዳጁን ያሳንሳል። በተገላቢጦሽ፣ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ድሬዳዋ የሚወርድ ተማሪ ወደ 1170 ሜትር ያህል ዝቅ ስለሚል ነዳጁን ካልጨመረ ሞተሩ ይንተፋተፋል፤ ሊጠፋም ይችላል።

ጁባ ዝቅተኛ አገር ናት፤ ማረፊያዋ 460 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ነገር ግን ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ 38 ዲግሪ ሲደርስ እፍግታው ወደ 1.07 ይወርዳል። አውሮፕላኑ ይህን የሚያውቀው በሙቀት መለኪያ አይደለም፤ ለሱ ጁባ 1350 ሜትር ላይ ያለች ቀዝቃዛ ከተማ ናት። ለዚህ ነው ጠዋት በቀላሉ የተነሣ አውሮፕላን ከቀትር በኋላ በዚያው ጭነት መንገዱን ረጅም ርቀት የሚጨርሰው።

ስስ አየር በማረፍ ጊዜም ያስከፍላል። በአዲስ አበባ የፍጥነት መለኪያው 120 ሲያሳይ እውነተኛው ፍጥነት 139 ገደማ ነው። የሚንሸራተትበት ርቀት አይቀየርም፤ አራት ደቂቃ ተኩል የነበረው ጊዜ ግን ከአራት ደቂቃ በታች ይሆናል፤ መሬት ሲነካ ያለውም የእንቅስቃሴ ጉልበት በ35 በመቶ ይበልጣል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መጨመር ግድ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1964 ጀምሮ አብራሪዎችን ሲያሠለጥን የኖረው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ትምህርት ቤት ከሴስና 172 ሌላ ዳይመንድ 40 የሚባሉ አዳዲስ አውሮፕላኖች አሉት። የእነዚህ ሞተር የጄት ነዳጅ የሚበላ፣ ናፍጣ መኪናን የሚመስል፣ የአየር መጭመቂያ ያለው፣ በኮምፒዩተር የሚታዘዝ ነው። ካርቡሬተርም ማግኔቶም የለውም። ውሃ፣ ባዶ ጋንና የሰው መዘናጋት ግን በሁለቱም አሉ።

ከሁሉ የከፋው ሰዓት ከተነሡ በኋላ ያለው የመጀመሪያው ደቂቃ ነው። ከፍታ የለም፤ ፍጥነትም ትንሽ ነው። ልብ የሚለው «ተመለስ፣ ማረፊያው ከኋላህ ነው» ነው። አስተማሪዎች ግን ተማሪው ከፊት ለፊቱ ወይም ጥቂት ወደ ግራና ቀኝ ያለውን ቦታ እንዲመርጥ አጥብቀው ያዝዛሉ። ምክንያቱን ሒሳብ ይነግረናል። ያጋደለ ክንፍ ክብደቱን ለመሸከም የበለጠ መሥራት ስላለበት መሸከሙን የሚያቆምበት ፍጥነት ከፍ ይላል፤ አዲሱን ፍጥነት የምናገኘው የቀድሞውን ለዘዌው ኮሳይን ስኩዌር ሩት በማካፈል ነው። ቀጥ ብላ በ93 ኪሎ ሜትር መሸከም የምታቆም አውሮፕላን በ45 ዲግሪ ስታጋድል በ110፣ በ60 ዲግሪ ስታጋድል በ131 ታቆማለች። ተንሸራታች ፍጥነቷ 120 ነበር። በ60 ዲግሪ የዞረው ተማሪ እንግዲህ ዕድሉን ሳያውቀው ጨርሷል። በዚያ ላይ መቶ ሰማንያ ዲግሪ ብቻ ቢዞር የሚገኘው ከማረፊያው ጎን እንጂ ከላዩ ስላልሆነ ከዚያ በላይ መዞር አለበት፤ በመደንገጥም ሦስት አራት ሰከንድ አጥፍቷል።

አገራችን በዚህ ነገር አዲስ አይደለችም። የመጀመሪያው አውሮፕላን አዲስ አበባ ያረፈው ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. ነው፤ ሚሽካ ባቢቼፍና አስፋው ዓሊ አብራሪ ለመሆን የበቁት በዓመቱ ገደማ፣ እ.ኤ.አ. በ1930 ነበር። በጥቅምት 1923 ዓ.ም. ለንግሥ በዓሉ በሚደረገው ልምምድ ላይ በትሪኒዳድ ተወልዶ በኒው ዮርክ «የሐርለም ጥቁር ንስር» የተባለው ሁበርት ጁልያን የንጉሡን ጂፕሲ ሞዝ ከባሕር ዛፍ ጋር አጋጭቶ ሰበራት። እሱ ሰው አውሮፕላኑን ነካክቶብኝ ነው ብሎ ተከራከረ። የኔ ግምት ግን ወደ ስሱ አየር ያጋድላል። 100 ፈረስ ጉልበት ገደማ የነበራት ያች ትንሽ አውሮፕላን በአዲስ አበባ 75 ያህል ብቻ ነበራት።

ትልልቆቹም ቢሆኑ ያው ሕግ ይገዛቸዋል። መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም. ከባሕር ዳር የተነሣው ቦይንግ 737 ርግቦች ወደ ሁለቱም ሞተሮቹ ገብተውበት ለመመለስ ሲሞክር ኃይል አጣ፤ በሜዳ ላይ በሆዱ አረፈ። ከ104 ሰዎች 35 ሞቱ፤ 69 ተረፉ። ኅዳር 14 ቀን 1989 ዓ.ም. ደግሞ ጠላፊዎች ነዳጁ እስኪያልቅ ያስጓዙትን ቦይንግ 767 ካፒቴን ልዑል አባተና ረዳታቸው ዮናስ መኩሪያ ያለ ሞተር እያንሸራተቱ ኮሞሮስ ዳርቻ ባሕር ላይ አሳረፉት። ከ175 ሰዎች 125 አለቁ፤ 50 ግን ዳኑ። ሁለቱም ሞተሮች ከጠፉ በኋላ ወደ ሰው ቅርብ ወደሆነ ዳርቻ ያደረሰው ክንፉና የአብራሪዎቹ እጅ ነው።

ወደ አትላባራ ልመለስ። እናትየው ይህን ሁሉ ዝም ብላ ከሰማች በኋላ «መልካም፤ ሜዳ ባይኖርስ? ዛፍ ብቻ ቢሆንስ?» አለች። ከሰማኋቸው ጥያቄዎች ሁሉ ጥሩው ይኸ ነበር። አዛውንቱ ለልጁ ወረቀቱን እንደ ገና ሰጡት። በቀድሞው ደንብ የተሠሩ የብዙ ትንንሽ አውሮፕላኖች መቀመጫ ወደ ፊት ከሰውየው ክብደት ዘጠኝ እጥፍ የሚሆን ኃይል እንዲችል የታሰበ ነው። እንግዲህ በዚያ ኃይል ልክ እየቆመ ቢሄድ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ አውሮፕላን ለመቆም ስንት ሜትር ይፈልጋል? ልጁ የፍጥነቱን ካሬ በእጥፍ ፍጥንጥነቱ አካፍሎ 2.8 ሜትር አገኘ። በ160 ቢሆንስ? 11.2 ሜትር፤ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ርቀቱ አራት እጥፍ ነው። «ስለዚህ ከቁጥቋጦው ጋር የምትገናኘው ቀስ ብለህና ክንፍህ ሳይከዳህ ነው» አሉት። «ክንፉ ይሰበር፣ እግሩ ይሰበር፤ እነሱ ተሰብረው ነው ሦስቱን ሜትር የሚሰጡህ። አውሮፕላኑን ላድን ያለ ሁለቱንም ያጣል።»

እናትየው ሁለተኛውን ቡና እየቀዳች «አባቴ፣ እርስዎስ በእውነት ስንት ጊዜ ደርሶብዎታል?» አለቻቸው።

«ሁለት ጊዜ» አሉ። «አንዱን ጊዜ ቫልቮላ ተሰብሮ ነው። ሁለተኛውን ግን ቤንዚኑን ሳላይ የተነሣሁት እኔው ነኝ።»